የሃምሳ ሺህ ዶላር በጋ

ብሩስ ብራውን ዓለምን የዞረው ዓለምን መዞር ፈልጎ አልነበረም። በ1963 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይህ የካሊፎርኒያ ሰው ማይክ ሂንሰንና ሮበርት ኦገስት የተባሉ ሁለት ወጣት የማዕበል ጋላቢዎችን ይዞ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ሊቀርጽ አሰበ። ትኬት ሲያጠያይቅ ግን ከሎስ አንጀለስ ኬፕ ታውን ደርሶ መልስ ከመቁረጥ ይልቅ ወደፊት እየቀጠሉ ምድርን ዞሮ መመለሱ በ50 ዶላር ይረክሳል ተባለ። በቃ፣ ዞረ። ሴኔጋል፣ ጋና፣ ናይጄሪያ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ፣ ታሂቲ፣ ሃዋይ። በ1966 በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የታየው «ዘ ኤንድለስ ሰመር» በጋን እያሳደዱ ምድርን የመዞር ሕልም ነው ይባላል። ሕልምነቱን አልክድም። የሕልሙን መስመር ያሰመረው ግን የትኬት ቢሮ ነው።

እግረ መንገዴን ስለ ርዕሱ አንድ ነገር ልበል። «ማለቂያ የሌለው በጋ» ብለን ብንተረጉመው እኛ ጋ ትርጉሙ ይዛባል። የእኛ በጋ ከመስከረም በኋላ የሚመጣው ደረቁ ወቅት ነው፤ እነሱ ሰመር በሚሉት በሐምሌ እኛ ጃንጥላ ይዘን ጭቃ እንዘላለን። ማለቂያ የሌለው በጋ ለአገራችን ገበሬ ሕልም ሳይሆን ድርቅ ነው። ስለዚህ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ «በጋ» ስል የብራውንን በጋ ማለቴ ነው።

የፊልም ሂስ ስናነብ ገንዘብና ዕቃ የሚነሱት ወይ በመግቢያው ወይ በወሬ መልክ ነው። «በዚህን ያህል ብር ተሠራ» ይባልና ቶሎ ብሎ ወደ «ራዕይ» ይታለፋል። በትልልቅ ፊልሞች ላይ ይህ ብዙም አይጎዳ ይሆናል። በግል ጥረት በሚሠራ ትንሽ ፊልም ላይ ግን፣ በተለይ ውሃ ላይ በሚሠራ፣ የዕቃ ዝርዝሩና በጀቱ የፊልሙ የመጀመሪያ ረቂቅ ናቸው ባይ ነኝ። ምን እንደሚታይ፣ ከየት እንደሚታይ፣ ማን እንደሚናገርና ማን ዝም እንደሚል እዚያ ወረቀት ላይ ተወስኖ ያድራል። የብራውንን ፊልም እንደዚያ ላንብበው።

በጀቱ 50,000 ዶላር ያህል ነበር። ለሆሊውድ የምሳ ገንዘብ ነው፤ ለእሱ ግን ብዙ ነበር። የመጀመሪያ ፊልሙን «ስሊፐሪ ዌን ዌት»ን በ1958 የሠራው፣ ዴል ቬልዚ የተባለ የሰርፍ ቦርድ ሠሪ በሰጠው 5,000 ዶላር ነው። ካሜራው፣ ጥሬ ፊልሙ፣ ጉዞውና የዓመቱ ኑሮ ሁሉ ከዚያችው ገንዘብ ወጣ። ስለዚህ ወደ ዓለም ዙሪያ ሲነሳ ሀብታም ባይሆንም ቆጣቢነትን ተክኖበታል።

ካሜራው ቦሌክስ ነበር፤ 16 ሚሊሜትር፣ ባትሪ የማይፈልግ፣ እንደ ድሮ የእጅ ሰዓት እየተጠመዘዘ በሞላ የሚሠራ። ይህ ለባሕር ዳር ሰው ትልቅ በረከት ነው። ሌጎስም ዳካርም ሶኬት ፍለጋ የለም፤ ጨውና እርጥበት የሚበላው ሽቦም ጥቂት ነው። ግን ዋጋ ያስከፍላል። አንዴ ተጠምዝዞ በሴኮንድ 24 ምስል እያነሳ የሚቆየው ግማሽ ደቂቃ ለማይሞላ ጊዜ ነው። የ100 ጫማ ጥቅል 4,000 ምስል ይይዛል፤ ይኸውም 2 ደቂቃ ከ46 ሴኮንድ መሆኑ ነው። ማዕበሉን በስሎው ሞሽን ለማሳየት በሴኮንድ 64 ምስል ካነሱ ደግሞ ያው ጥቅል ከአንድ ደቂቃ ብዙም ሳያልፍ ያልቃል። ከዚያ ጥላ ፈልጎ፣ አሸዋ እንዳይገባ ተጠንቅቆ፣ ሌላ ጥቅል መጉረስ ነው። ባሕሩ እስከዚያ አይጠብቅም።

ማዕበል ቀኑን ሙሉ እኩል አይመጣም። ጥሩዎቹ በቡድን በቡድን ይመጣሉ፤ በመሐል ረጅም ዝምታ አለ። እንግዲህ ባሕር ዳር የቆመው ካሜራማን ጥይት እንዳነሰው አዳኝ ነው። ጋላቢው መቅዘፍ ሲጀምር ልተኩስ ወይስ ተነስቶ ሲቆም? ቀድሞ የጀመረ ማዕበሉ ሳያልቅ ሞላው ያልቅበታል፤ የዘገየ ደግሞ ቆንጆውን መነሻ ያጣል። ፊልሙን በዚህ ዓይን ያየ ሰው ብዙዎቹ ቀረጻዎች ለምን ጋላቢው ቆሞ እንደሚጀምሩ ይገባዋል። ያ ቅልጥፍና፣ ያ «ምንም አይባክን» የሚል ስሜት፣ የአርትዖት ጥበብ ብቻ አይደለም። መሪው ላይ የተጠመዘዘ ብረት አለበት።

ኬፕ ሴንት ፍራንሲስ ላይ ነገሩ ጎልቶ ይወጣል። ሰዉ ሁሉ የሚያወሳው ትዕይንት ነው፤ ማዕበሉ እንደ ማሽን ሥራ ተስተካክሎ እየተጠቀለለ ይመጣል፣ ልጆቹ ይሳፈሩበታል፣ አያልቅም። ብራውን በትረካው ላይ ግልቢያዎቹ በጣም ረጅም ስለነበሩ አብዛኞቹን በአንድ ቁራጭ ፊልም መያዝ አልቻልኩም ይላል። ተመልካች ይህን እንደ ውዳሴ ሰምቶ ያልፈዋል። የቦሌክስን ሞላ የሚያውቅ ሰው ግን እንደ ሒሳብ ይሰማዋል፦ ግልቢያው ከሞላው በልጧል ማለት ነው። የዕቃው ድክመት ፊልሙ ውስጥ የማዕበሉ መለኪያ ሆኖ ገባ። የተሻለ ካሜራ ቢኖረው ያንን ዓረፍተ ነገር አያገኘውም ነበር። ለዚህ ሰው ባርኔጣዬን አነሳለሁ።

ጉድለት ግን ሁልጊዜ እንዲህ አያምርም። በጀቱ ውስጥ ያልነበረው ትልቁ ነገር ድምጽ ነው። በሞላ የሚሠራ ካሜራ ይንጫጫል፣ ፍጥነቱም ከድምጽ መቅጃ ጋር አብሮ እንዲሄድ የታሰበ አይደለም። ስለዚህ በጉዞው ላይ ሰው ሲናገር እያዩ መስማት የለም። ያለው የሳንደልስ ባንድ ጊታርና የብራውን የራሱ ትረካ ነው። ትረካው ይጣፍጣል። ለዓመታት በትምህርት ቤት አዳራሾች ፕሮጀክተሩ አጠገብ ቆሞ በቃሉ ሲያወራ የኖረ ሰው ነውና ሳቅ የት እንደሚመጣ ያውቃል።

ግን ያ ድምጽ ጋና ሲደርስ ምን ይሠራል? አክራ አጠገብ ላባዲ ላይ የመንደሩ ሰው ባሕር ዳር ይሰበሰባል፤ ሕጻናት ቦርዱ ላይ ይንጠላጠላሉ፣ ይወድቃሉ፣ ይስቃሉ። ብራውን ስለ እነሱ ይቀልዳል፤ የሚያስቡትንም የሚሉትንም እሱ ፈጥሮ ይናገርላቸዋል። ትዕይንቱ የተሠራው የእኛዎቹ ልጆች ለእነዚህ ሰዎች የማዕበል ግልቢያን አስተዋወቁ በሚል መንፈስ ነው። እንዴ! በ1830ዎቹ አክራን የጎበኘው የብሪታንያ መኮንን ጄምስ አሌክሳንደር ልጆች ቀላል ሳንቃ ሆዳቸው ሥር አድርገው ወደ ባሕር እየዋኙ ገብተው በማዕበል ሲመለሱ ማየቱን ጽፎ አስነብቧል። ከፊልሙ መቶ ሠላሳ ዓመት ያህል በፊት መሆኑ ነው። የዚያ ባሕር ዓሣ አጥማጆችም ታንኳቸውን በየዕለቱ ሰባሪ ማዕበል አሻግረው የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ከእነሱ በላይ ስለዚያ ውሃ የሚያውቅ ማን ነበር?

«ዘመኑ ነው» ሊባል ይችላል፤ ዘመኑማ ነው። እኔ የምለው ግን የበጀት ጉዳይም ነው። ለአንድ ቀን አስተርጓሚ ምን ያህል ይከፈል ነበር? ናግራ የተባለው የስዊዘርላንድ ተንቀሳቃሽ መቅጃ በዚያን ጊዜ ገበያ ላይ ነበረ። እሱ ውድ ነው ከተባለም እርሳስና ደብተር አለ። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ጠይቆ መልሱን በትረካው ማስገባት የሚፈጀው የአንድ ጥቅል ፊልም ዋጋ ያህል እንኳ ባልሆነ ነበር። በዝርዝሩ ላይ ስላልተጻፈ አልሆነም። ደቡብ አፍሪካ ላይም እንዲሁ ነው። አፓርታይድ ባሕር ዳሩን በቀለም ከፋፍሎ በሚገዛበት ዓመት ቀርጾ፣ ነገሩን በሻርክና በዶልፊን ቀልድ ጠቀስ አድርጎ ያልፋል። ፊልሙን እወደዋለሁ፤ ይህን ክፍል ሳይ ግን ሁልጊዜ ወንበሬ ላይ እቁነጠነጣለሁ።

የብራውን ካሜራ በአብዛኛው የብስ ላይ ቆሞ ያያል። ገንዘቡን በተቃራኒው ቦታ ያፈሰሰው ጆርጅ ግሪኖው ነው። ግሪኖው ካሜራውን ውሃ በማያስገባ ራሱ በሠራው ሳጥን ውስጥ ከቶ፣ ትከሻው ላይ አስሮ፣ ማዕበሉ ተጠቅልሎ ዋሻ ወደሚሆንበት ሆድ ውስጥ ገባ። «ዘ ኢነርሞስት ሊሚትስ ኦፍ ፒዩር ፈን» በ1970፣ ቀጥሎም ከዴቪድ ኤልፊክ ጋር «ክሪስታል ቮየጀር» በ1973። የኋለኛው መጨረሻ ላይ ከ20 ደቂቃ በላይ ውሃ ብቻ ነው፤ የፒንክ ፍሎይድ «ኤኮስ» ከሥሩ ይሄዳል። ሙዚቃውን ያገኙት በገንዘብ ሳይሆን በልውውጥ ነው ይባላል፤ ባንዱ መድረክ ላይ ሲጫወት ምስሉን ከኋላው ሊያሳይ። እንዲህ ዓይነቱን መስመር በጀት ላይ የሚጽፍ ሰው እወዳለሁ፦ ያለህን ሰጥተህ የሌለህን መውሰድ። ፊልሙ እንደ ታሪክ ስስ ነው። ግን ከዚያ በፊት ማንም ያላየበትን ቦታ የገዛው በአንድ ሳጥን ነው፤ የቀረውን ሁሉ ትቶ።

ከዚህ የሰርፍ ፊልም ቤተሰብ አንዱ እስከ እኛ ወንዝ ድረስ መጥቷል። ግሬግ ማክጊሊቭሬይ ከጂም ፍሪማን ጋር በ16 ሚሊሜትር «ፋይቭ ሰመር ስቶሪስ»ን በ1972 የሠራ ሰው ነው። በኋላ ኩባንያቸው ወደ ግዙፉ የአይማክስ ስክሪን ዞረ፤ በ2005 «ሚስትሪ ኦፍ ዘ ናይል»ን ለዓለም ያከፋፈለውም እሱ ነው። ዳይሬክተሩ ስፔናዊው ጆርዲ ዮምፓርት ነበር። ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን (ሌላ ብራውን ነው) በ2004 ከዓባይ ምንጭ ተነስተው በጎማ ጀልባና በካያክ እስክንድርያ ድረስ ከ5,200 ኪሎ ሜትር በላይ በ114 ቀን የወረዱበት ጉዞ ነው።

አሁን የዕቃውን ሒሳብ እዩት። የአይማክስ ካሜራ አንድ ሰው በቀላሉ የማይሸከመው ብረት ነው። 1,000 ጫማ ፊልም ቢጎርስም ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው የሚሄደው፤ ማለትም ከብራውን 100 ጫማ ብዙም አይበልጥም። ከወንዙ ጋር ይህን የሚያጓጉዝ ሠራዊት ያስፈልጋል። ስለዚህ ፊልሙ ሰፊ ነገር ሲያይ ድንቅ ነው፤ ገደሉ፣ ፏፏቴው፣ ያ ሁሉ ነጭ አረፋ። ሰው ፊት ላይ ሲደርስ ግን ይቸኩላል። በየሦስት ደቂቃው ጥቅል የሚቀይር ካሜራ አንዲት የቆላ እናት አረፍ ብላ እስክትናገር አይጠብቅም። ብራውንን ድህነት ያስረሳውን ነገር እነዚህን ሀብት አስረሳቸው።

ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት የፊልም ሠሪ በዓባይ ላይ የሚደረግ የጎማ ጀልባ ጉዞ ሊቀርጽ አስቦ በጀቱን አስነበበኝ። ሂስ ጸሐፊ ምን አግብቶት እንዳትሉ፤ ከተሠራ በኋላ ከምወቅሰው ሳይሠራ ብናገር ይሻላል ብዬ ነው። ከገንዘቡ ከግማሽ በላይ የሄደው ለካሜራ፣ ለድሮንና ለውሃ ውስጥ መቅረጫ ሳጥን ነበር። ድምጽ አንዲት መስመር አላት። ለሕይወት አድን፣ ዜሮ። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ላለው፣ ዜሮ።

«መቼ ነው የምትቀርጸው?» አልኩት።

«ክረምቱ እንደወጣ ጋሼ፣ ውሃው ሙሉ ሲሆን።»

«እና ሳጥኑ ምን ሊያሳይህ?»

ዓባይ በዚያ ወቅት የደጋውን አፈር ተሸክሞ የሚወርድ ቡና ነው። ካሜራ ብታጠልቅበት የምታየው ቡናማ ግድግዳ ነው። የውሃ ውስጥ ቀረጻ በጠራ ውሃም ቢሆን ቀላል አይደለም፤ ቀይ ቀለም በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ውስጥ ይጠፋል፣ በጠፍጣፋ መስታወት በኩል የሚታየው ነገር ሁሉ ደግሞ ከእውነተኛው በአንድ ሦስተኛ ያህል ገዝፎ ቀርቦ ይታያል። ያንን ለማረም ጉልላት መስታወት ይገዛል፤ ከዚያ የላስቲክ ቀለበት፣ ቅባት፣ መለዋወጫ። ቀለበቱ ላይ አንዲት ፀጉር ከተኛች ካሜራው ሄደ። ይህ ሁሉ ቡናማ ግድግዳ ለማየት!

«ጋሼ፣ ካሜራ ከሌለ ፊልም አለ እንዴ?» አለኝ ቅር ብሎት።

ካሜራማ አለ፤ ዛሬ ከምንጊዜውም በላይ አለ። ኒክ ውድማን ማዕበል ላይ እያለ ራሱን ፎቶ ማንሳት ፈልጎ የጀመረው ጎፕሮ በ2004 ሲወጣ የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር ተራ የ35 ሚሊሜትር ፎቶ ካሜራ ነበር። ዛሬ ዝርያዎቹ በየካያኩ አፍንጫ ላይ አሉ። ጥሬ ፊልም የሚባል ወጪ ሞቷል፤ ያ ወጪ ሲሞት ግን የብራውን ጭንቀትም አብሮ ሞተ። አሁን ማንም ቀድሞ አይወስንም። ሁሉም ከጠዋት እስከ ማታ ይቀርጻል፤ መወሰኑ ወደ አርትዖት ክፍል ተገፍቶ እዚያ ወራት ይፈጃል፣ ሃርድ ዲስክ ይፈጃል፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ትዕግሥት ይፈጃል። ያ ሰፊ ማዕዘን ያለው ትንሽ ሌንስ ደግሞ አንድ ውሸት ይዋሻል፦ ቅርቡን ያገዝፋል፣ ሩቁን ያሳንሳል። ጋላቢው ግዙፍ፣ ማዕበሉ ኩሬ። በየቦታው የማያቸው የዘመኑ የውሃ ስፖርት ፊልሞች በሙሉ አንድ ሰው የሠራቸው የሚመስሉኝ፣ እውነትም አንድ ሌንስ ስለሠራቸው ነው።

ስለዚህ ሳጥኑን በእርሳስ ሰረዝኩበት። በምትኩ ዳር ቆሞ ሩቁን የሚያቀርብ ረጅም ሌንስና ጥሩ ትራይፖድ እንዲከራይ፣ ወንዙ ዳር ያሉ ሰዎችን የሚሰማ ድምጽ ቀራጭ ከመጀመሪያው ቀን እንዲይዝ ነገርኩት። ከዚያም የመጀመሪያው መስመር ላይ፣ ከካሜራው በፊት፣ የነፍስ ማዳኛ ጃኬት፣ መወርወሪያ ገመድና ሥራው ሰው ማውጣት ብቻ የሆነ አንድ ካያከኛ ጻፍኩ። በ1968 በብሪታንያ ጦር መኮንኑ በጆን ብላሽፎርድ-ስኔል የተመራው የዓባይ ጉዞ አንድ አባሉን ውሃ ወስዶበታል። እነሱ የጦር ሠራዊት ነበሩ። ካሜራ የያዘ ሰው ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው፤ አንድ ዓይኑ ተዘግቷል፣ አንድ እጁ ተይዟል።

የመጨረሻው ዜሮ ላይ ብዙ ተከራከርን። «ዩቲዩብ ላይ እለቀዋለሁ» አለ። የብራውንን የመጨረሻ ወጪ ነገርኩት። ፊልሙ ተጠናቆ ሲያሳያቸው አከፋፋዮቹ ከባሕር ዳር ርቆ የሚኖር ሰው ይህን አያይም አሉት። እሱም ከሁለቱም ውቅያኖስ የራቀችውን ዊቺታ ካንሳስን መርጦ፣ በክረምቱ ብርድ መሐል፣ ሲኒማ ቤት ተከራየ። ለሁለት ሳምንት ሰው በውርጭ ተሰልፎ ገባ። አከፋፋዮቹ ግን አሁንም አላመኑም። ስለዚህ ፊልሙን ወደ 35 ሚሊሜትር አስገልብጦ ኒውዮርክ ውስጥ ኪፕስ ቤይ ሲኒማን ያዘ፤ እዚያ አንድ ዓመት ገደማ ታየ። በመላ አገሪቱ ያከፋፈለው ኩባንያ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። በ2002 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ጠብቆ ከሚያቆያቸው ፊልሞች ተርታ አስገባው። ያን ሁሉ መንገድ የከፈተው የአዳራሽ ኪራይ ነው፤ በማንኛውም የዕቃ ዝርዝር ላይ ከመጨረሻ የሚጻፈው።

ልጁ አልመለሰልኝም፤ ወረቀቱን አጥፎ ሄደ። በወሩ የተስተካከለውን ላከልኝ። ሳጥኑ የለም። ድሮኑን አልተወውም፤ ምን ይደረግ። ከነፍስ ማዳኛው ሥር ግን አስተርጓሚ ገብቷል፣ ከሁሉ በታችም «አዳራሽ፣ ባሕር ዳር፣ ሁለት ሳምንት» የሚል መስመር አለ። ዋጋው ገና ባዶ ነው፤ እየጠየቀ ነው።